የሰይድ ሄልሜት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሞተር ሳይክል እነዳለሁ ብዬ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ከሥራ ስንወጣ ሸሚዙ በግራሶ ጠቁሮ ነበር። ሞተሩን ግን አንዴም አላስነሳሁትም።

ጊዜው የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ ቦታው ካዛንቺስ ያለ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት። የተቀጠርኩት በሞተር መልእክተኛነት ነበር። ያኔ ኢሜይል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ውሉም፣ ደረሰኙም፣ የስብሰባ ጥሪውም በእኛ ትከሻ ነበር የሚሄደው። በማዕረግ ከጥበቃ ትንሽ ከፍ፣ ከጸሐፊ በጣም ዝቅ እንላለን። የመልእክት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ተሰማ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በሞተር ላይ ጨርሰው፣ ዳሌያቸው እምቢ ሲላቸው ወደ ጠረጴዛ የተዛወሩ ሰው ነበሩ።

«መንጃ ፈቃድ አለህ?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«ጥሩ፣ ኪስህ ክተተው። ዛሬ ቁልፍ የለም። ግፋ።»

ሞተሩን እየገፋሁ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። አቀበቱን ሳወጣው ያቅተኛል፣ ቁልቁለቱን ሳወርደው ይጎትተኛል። ከምሳ በኋላ ደግሞ መሬት ላይ አስተኙትና «አንሳው» አሉኝ። በእጄ ጎትቼ ሞከርኩ፣ አልነቃነቅ አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ዝቅ ብዬ፣ በወገቤ ሳይሆን በጉልበቴ እየገፋሁ እንዳነሳው አሳዩኝ። ሳነሳው መልሰው አስተኙት።

ጥላ ሥር ቆሎ እየቆረጠመ የሚያየኝ አንድ ቀጭን ልጅ ነበር። «አይዞህ ወንድሜ፣» አለኝ፣ «እኔንማ ሲያስገፉኝ ሰንብተዋል። በቃ፣ የተቀጠርኩት ለጋሪ መስሎኝ ነበር።» ጋሽ ተሰማ ዞረው ሲያዩት ቆሎውን ኪሱ ከተተና ሊያግዘኝ መጣ። ሰይድ ማለት እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው ሞተር ለመጀመር ለምታስቡ ልጆች ነው። ስለ ፍሬንና ስለ ማርሽ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ይሁንና ሰይድ ይህን ሁሉ ከእኔ አብልጦ ያውቅ ነበር፤ ሞተር ላይ ሞተ። የሞተበትን ነገር መንጃ ፈቃድ ሲሰጧችሁ አይፈትኗችሁም። ዛሬ ልጁ ሐያት ሞተር ትነዳለች። እሷን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እናቷ አደራ ብላ የሰጠችኝም ያንኑ በፈተና የማይጠየቀውን ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለ ፍሬን። ጀማሪ ሁሉ የፊት ፍሬን ይፈራል፣ ይገለብጠኛል ይላል። ስለዚህ የኋላውን በእግሩ ይረግጥና ሞተሩ እንደ እባብ እየተጣመመ ይወስደዋል። ጋሽ ተሰማ ሁለቱንም አንድ ላይ እንድንይዝ፣ የፊቱን ግን ሎሚ እንደሚጨምቅ ሰው ቀስ እያልን እንድናጠብቀው ያስተምሩን ነበር። አሸዋ ወይም እርጥብ መሬት ላይ ከሆናችሁ መሪውን ቀጥ ሳታደርጉ ፍሬን አትንኩ። ይህን ግቢው ውስጥ በጠጠር ላይ እስኪሰለቸን ሠራነው።

ቀጥሎ ስለ ዓይን። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ቄራ አካባቢ አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቲማቲም ዘርግታ አየሁ። እንዳልነካባት ብዬ ዓይኔን ቲማቲሙ ላይ ተከልኩ። ሞተሩም ዓይኔን ተከትሎ ቲማቲሙ መሀል ገባ። «ዕውር ነህ እንዴ አንተ!» ብላ ጮኸች። ዕውርማ አልነበርኩም፤ ጥፋቱ ማየቴ ነበር። ጋሽ ተሰማ ሲሰሙ አልሳቁም። «መሄድ የምትፈልግበትን ነው የምታየው፤ የምትፈራውን አይደለም» አሉኝ። ሰይድ ግን ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ውሎ፣ በማግስቱ ምሳዬ ላይ አንድ ቲማቲም አስቀመጠልኝ።

ቄራ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። መንገዱ ላይ ውሃውም፣ ስቡም፣ ፍጉም አለ፤ ከብት ሳይታሰብ ይሻገራል። እዚያ ሰፈር ማርሽ ቀንሳችሁ፣ ፍሪሲዮኑን በጣታችሁ ይዛችሁ ነው የምታልፉት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ በፎሌ አትውረዱ። እኛ ቤንዚን ለመቆጠብ ብለን ማርሹን ነፃ እያደረግን መውረድ እንወድ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ ካዛንቺስ ስንወርድ ጋሽ ተሰማ በራቸው ላይ ሆነው ድምፃችንን ያዳምጣሉ። ሞተሩ ሳያጓራ ግቢ የገባ ሰው ያን ቀን ቁልፉን ያስረክብና ይገፋል።

አሁን ሳስበው የሚያስቀኝ አንድ ነገር አለ። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንደርስ እኛ ክርስቲያኖቹ እየነዳን እንሳለም ነበር። አንድ እጃችንን ከመሪው አንስተን እናማትባለን፣ አንገታችንን ሰበር እናደርጋለን፤ ሄልሜቱን ሊያወልቅ የሚታገልም አይቻለሁ። አንዱ ባልደረባችን እንዲሁ እየተሳለመ የቆመ ታክሲ ገጨ። ጋሽ ተሰማ ራሳቸው የቂርቆስ ደብር ሰው ናቸው። «ወርደህ፣ ቆመህ ብትሳለመው አይቀየምህም። ካልቆምክ ደግሞ እለፈው፣ እሱ ያውቅሃል» አሉት። ከዚያ በኋላ እኔ ወይ እቆማለሁ ወይ አልፋለሁ።

ስለ ታክሲ ካነሳሁ አይቀር፣ የታክሲ ፍሬቻ አትመኑ። የወያላውን እጅ እዩ። ወያላው ከመስኮት ብቅ ብሎ እጁን ከዘረጋ ታክሲው ሊቆም ነው፤ ፍሬቻ በራም አልበራም። ይህን ያስተማረኝ ሰይድ ነው። ስፖኪዮ ሳያይ መስመር አይቀይርም፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀድሞ ካልደረሰ አይጋፋም። ያን ሁሉ ዘመን አንድም ጊዜ ወድቆ አላየሁትም።

የሰይድ ወላጆች ከወሎ መጥተው ቂርቆስ የኖሩ ናቸው፤ እሱም እዚያው ተወልዶ እዚያው ዘይነባን አገባ። ዘይነባ ከቤታቸው ፊት ለፊት ሳሙናና ክር የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። በረመዳን የከሰዓቱን ረጅም መንገድ እኔ እሄድለት ነበር፣ በእኛ ፋሲካ ማግስት እሱ የጠዋቱን ይሄድልኛል። ሴት ልጁ ሐያት ስትወለድ ግቢው ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም፤ ጋሽ ተሰማ ሳይቀሩ ለሕፃን የሚሆን ነገር ይዘው ሄዱ።

ሰይድ እምቢ ማለት አያውቅም። በር ላይ ካገኛችሁት አስቀድሟችሁ ነው የሚገባው። ምግብ ቤት ከገባችሁ ሒሳቡን እናንተ እንዳትከፍሉ ከአስተናጋጁ ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ ይጠብቃችኋል። ሰው ከመንገድ ዳር እጁን ካነሳለት ይቆማል። እኛ ደግሞ ይህን እንወድለት ነበር። ሰው ሁሉ ይወድለት ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ለአንድ ሞተረኛ የሚሰጠው አንድ ሄልሜት ነው። ሰው ከኋላ ሲፈናጠጥ ሄልሜቱ ለማን ነው? በዚያን ጊዜ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ለእንግዳ ወንበር እንደሚለቀቅ ሁሉ ሄልሜት ለተፈናጣጩ ይሰጣል። እምቢ ካለ እንለምነዋለን፣ አሁንም እምቢ ካለ «በሞቴ» እንለዋለን። በሞቴ ከተባለ በኋላ ማን እምቢ ይላል? ሁላችንም እንዲህ ነበርን። ባለ ሄልሜቱ ራሱ አጥልቆ እንግዳውን ባዶ ራሱን ይዞ ቢሄድ፣ ሰፈሩ ሁሉ ስድ ነው ይለዋል።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ከሰዓት ነበር። ጋሽ ተሰማ ቂርቆስ የዕድራቸው ሰው ሞቶ ለቀብር ቸኩለዋል። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ካዛንቺስ ላይ ታክሲ ጠፍቷል። እሳቸው በዚያ ዳሌያቸው በር ላይ ቆመው ወደ ላይም ወደ ታችም ያያሉ። የእኔ ሞተር ያን ቀን ጋራዥ ነበር፤ ሄልሜቴም እዚያው ስፖኪዮው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሰይድ ወደ ቂርቆስ የሚያደርሰው ፖስታ ነበረው፤ ሞተሩን አስነስቶ ሲወጣ አያቸውና ቆመ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይውጡ ላድርስዎት።»

«ተወኝ ልጄ፣ ታክሲ አላጣም።»

«ቀብሩ ያልፍብዎታል። እኔም እዚያው ነኝ።»

ጋሽ ተሰማ ሰዓታቸውን አዩና እሺ አሉ። ያኔ ሰይድ ሄልሜቱን አውልቆ ዘረጋላቸው።

«አታብድ፣» አሉት፣ «ነጂው አንተ ነህ። መልሰህ አጥልቅ።»

«እርስዎን ባዶ ራስዎን አስቀምጬ እኔ ሄልሜት? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰይድ፣ ምን ብዬ ነው ያስተማርኩህ?»

«ቅርብ ነው ጋሼ። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። በሞቴ!»

ጋሽ ተሰማ ወደ እኛ ዞሩ፤ እኔና የበሩ ጥበቃ ቆመን ነበር። ፍረዱን እንደማለት ነው። ጥበቃው «እንዲህ ነው ጨዋ ያሳደገው» አለ። እኔም ፈገግ ብያለሁ። ጋሽ ተሰማ ሄልሜቱን ተቀበሉ፣ ማሰሪያውን ከአገጫቸው ሥር ሰይድ ራሱ ቆለፈላቸው። ሄዱ። ሰይድ ሲወጣ ፍሬቻ አሳይቷል፣ ወደ ኋላም ዞሮ አይቷል።

የመጀመሪያው ዝናብ ከከባዱ ዝናብ ይብሳል። ከባዱ መንገዱን ያጥበዋል፤ የመጀመሪያው ግን የከረመውን ዘይትና አቧራ ያቦካዋል። ማካፋት ሲጀምር ጥቂት እስኪወርድ ድረስ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ሰይድ ይህን ያውቃል፤ ለብቻው ቢሆን ይቆም ነበር። ከኋላው ግን ቀብር የሚያልፍባቸው ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንድ ታክሲ ሰው አይቶ በድንገት ወደ ዳር ገባ። ያዩት እንደሚሉት ሰይድ ወያላውን አይቶ ቀድሞ ፍሬን ይዟል። ፍጥነቱም ምንም አልነበረም፣ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነው። የኋላ ጎማው ግን ከዳው፤ ሁለት ሰው በጫነ ሞተር፣ በዚያ ጭቃ ላይ። ሁለቱም በጎናቸው ወደቁ። ሁለቱም ራሳቸውን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ መቱ።

ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ጋሽ ተሰማ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ተሰብሯል። ሄልሜቱ ራሳቸው ላይ ነው፤ አንዱ ጎኑ ቀለሙ ተፍቆ ነጭ ሆኗል።

«ግርማ፣ ፍታልኝ፣» አሉኝ፣ «እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

ማሰሪያውን ፈታሁላቸው። ሄልሜቱን በደህናው እጃቸው ተቀብለው ዘረጉልኝ።

«የልጁ ነው። ስጠው።»

ይዤው ቆምኩ። ለማን እንደምሰጠው አላውቅም ነበር። ሰይድ በዚያው ቀን ሞተ።

በማግስቱ ኮልፌ ቀበርነው። ሞተረኞቹ ሁሉ ከኋላ ተከተልን፤ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶችም የማናውቃቸው መጡ። ዘይነባ ጋ ለቅሶ ስንደርስ ጋሽ ተሰማ ክንዳቸው በጨርቅ ታስሮ፣ ከድንኳኑ ጥግ መሬት መሬቱን እያዩ ተቀመጡ። ዘይነባ ራሷ መጥታ ፊታቸው ተንበረከከች።

«እርስዎ እንኳን ተረፉ፣» አለቻቸው፣ «እሱ እርስዎን ጥሎ ቢተርፍ ኖሮ ተኝቶ አያድርም ነበር።»

ከልቧ ነበር ያለችው። ጋሽ ተሰማ ግን እንደ ሕፃን አለቀሱ። ስንወጣ ደግፌያቸው ስንሄድ «ሰድባኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለአዲስ ሰው ቁልፍ ሰጥተው አያውቁም፤ ማስገፋቱንና ማስተማሩን ለእኔ ተዉልኝ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዘይነባ ሱቅ ደጃፍ ያለችው ድንጋይ ላይ ትንሽ ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። አንድ ሳሙና ገዝተው ይሄዳሉ። ሲሞቱ ቤታቸው ውስጥ ያልተፈታ ሳሙና ተደርድሮ ተገኘ ብላ ልጃቸው ነገረችኝ።

እኔ ከቀብሩ በኋላ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ገባሁ።

«ለያንዳንዱ ሞተር ሁለተኛ ሄልሜት ይገዛልን» አልኳቸው።

«ሰው መጫን ክልክል ነው፣» አሉኝ፣ «ክልክል ለሆነ ነገር ዕቃ አንገዛም። ማስታወቂያ እናወጣለን።»

ማስታወቂያው ወጥቶ በሩ ላይ ተለጠፈ። ሰው አነበበው፤ መጫኑም ቀጠለ። ሄልሜቱም ለእንግዳው መሰጠቱ ቀጠለ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም አልጫንኩም። ጓደኞቼ ግርማ ከፍቷል ይሉ ነበር፤ አልተቀየምኳቸውም።

ኢሜይል ሲመጣ የመልእክት ክፍሉ ሳሳ፣ በኋላም ተዘጋ። እኔ አንድ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ውስጥ የሞተር አሠልጣኝ ሆኜ ገባሁ። የጋሽ ተሰማን መንገድ አልለቀቅኩም፤ መጀመሪያ መግፋት፣ ከዚያ ማንሳት። ብዙ ሠልጣኞች የከፈልነው ለመንዳት ነው ብለው ለኃላፊው ከሰውኛል። ኃላፊውም «ግርማ፣ ደንበኛ አታባርርብኝ» ይለኛል። እሺ እለውና ማስገፋቴን እቀጥላለሁ።

ባቡሩ ሥራ በጀመረ ሰሞን ሐያት መጣች። አባቷ ሲሞት ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ነበረች፤ አሁን ካዛንቺስ ያለ ላቦራቶሪ የደም ናሙና ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚያመላልስ ሰው ፈልጎ ሊቀጥራት ነው። ሞተር መንዳት ግዴታ ነው።

«ጋሼ፣ ካላስተማሩኝ ሌላ ጋ እማራለሁ» አለች።

ስትስቅ የሰይድ ፊት ነው የሚመጣው። «መጀመሪያ ከእናትሽ ጋር ላውራ» አልኳትና ወደ ቂርቆስ ሄድኩ።

ዘይነባ ሱቋ ውስጥ ነበረች። ስታየኝ ለምን እንደመጣሁ ገባት። ክሮቹን በየቀለማቸው ስትደረድር ቆየች።

«እምቢ ብላት ትተወዋለች?» አለችኝ።

«አትተወውም። ሌላ ጋ ትማራለች።»

«እሱንማ አውቃለሁ።» አንገቷን ቀና አደረገች። «ስማኝ ግርማዬ። መንዳቱን በደንብ ታስተምራታለህ፤ በዚያ አልጠረጥርህም። አባቷም መንዳት አቅቶት አይደለም የሞተብኝ። ይህች ልጅ እሱን ናት። ጎረቤት ልጁን ያዢልኝ ካላት ፈተናዋን ትታ ትይዛለች። እምቢ የሚባል ቃል አልፈጠረባትም። ይሉኝታዋን አስጥልልኝ። አደራ።»

እሺ አልኳት። ከዚያ በፊት በሙያዬ እንዲህ ያለ ነገር አስተምር ያለኝ ሰው አልነበረም። እንዴት እንደሚሠራም አላውቅም ነበር።

ሐያት ሞተሩን ስትገፋ «ጋሼ፣ ማለቴ፣ ይሄ እኮ ስታርተር አለው! ጂም በነፃ እያስገቡኝ ነው በቃ» ትላለች። ግን ገፋች። አነሳች። የሻርፗን ጫፍ ሁሉ ከጃኬቷ ሥር ሳትከት ሞተሩ ላይ እንዳትወጣ ነገርኳት፤ ካቴና ውስጥ ከገባ አንገት ይዞ ነው የሚሄደው። ነጠላ ለምትለብሱም ያው ነው። የባቡር ሐዲድ ስታቋርጥ ጎማዋ ሐዲዱን ቀጥ ብሎ እንዲመታው፣ እርጥብ የዜብራ መስመር ላይ ፍሬን እንዳትይዝ፣ የወያላ እጅ እንድታይ አስተማርኳት። አንዴ ከነገሯት አይረሳትም። እጇ የአባቷ ነው።

ሌላውን ትምህርት በጨዋታ አደረግነው። እሷ ሜዳውን ስትዞር እኔ ዳር ቆሜ እጄን አነሳለሁ። አንዴ ጎረቤት እሆናለሁ፣ አንዴ አለቃ፣ አንዴ ጓደኛዋ። «ሄልሜት ይዘዋል?» ብላ መጠየቅ አለባት፤ የለኝም ካልኩ ጥላኝ መሄድ አለባት። ጓደኛዋ ስሆን ጥላኝ ትሄዳለች። ወገቤን ይዤ «የኔ ልጅ፣ ቂርቆስ አድርሺኝ፣ አሞኛል» ስላት ግን ትቆማለች። እየሳቀች ሄልሜቷን ታወልቅና ትዘረጋልኛለች።

«ሐያት!»

«ጋሼ፣ አልቻልኩም። እንዴት ሽማግሌ ጥዬ እሄዳለሁ?»

አንድ ቀን ተናድጄ ሄልሜቱን ከእጇ ነጠቅኩና «አባትሽም እንዲህ ነበር ያለው» ብዬ ጮህኩባት። ሳቋ ቆመ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከአፌ በወጣው ነገር እኔም ደነገጥኩ፤ ያን ቀን ከዚያ በላይ አልተማርንም። ፈተናውን ግን አልፋ መንጃ ፈቃዷን አገኘች። ዘይነባ ስትጠይቀኝ «ለመንዳቱ አትስጊ» አልኳት። ስለ ሌላው አላነሳሁም፤ እሷም ገብቷት ወደ ሱቋ ዞረች።

ሥራ ከጀመረች በኋላ ስልክ በጠራ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። ዘይነባም እንደዚያው እንደሆነች አውቃለሁ። እንዲህ እያለ ሰኔ ገባ።

ካዛንቺስ ታክሲ መያዣው ላይ ቆሜ ነበር። ሥራዬን ጨርሼ ዘይነባን ልጠይቅ ወደ ቂርቆስ መሄዴ ነው። ጉልበቴ ደግሞ ሰሞኑን የጋሽ ተሰማን ዳሌ ሆኗል። ማካፋት ጀመረ፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ታክሲ የለም። ሐያት ከላይ መጣች፤ አለባበሷ ልክ፣ ሻርፗ ተከቷል። አየችኝና ዳር ይዛ ቆመች።

እውነቱን ልናገር፣ ልፈትናት ብዬ አይደለም። ደክሞኝ ነበር። ዝናቡም አንገቴ ውስጥ እየገባ ነው።

«ወደ ቤት ነሽ?» አልኳት።

«አዎ ጋሼ። እዚያ ጥግ ዝናቡን አሳልፌ ነው የምሄደው።» ባዶ እጄን አየችና «ሄልሜት ይዘዋል?» አለች።

«አልያዝኩም። ቅርብ ነው እኮ።»

ይህን እኔ ነኝ ያልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ሐያት መሪውን ጨበጠች። እጇ ወደ አገጯ ሄደ፣ ማሰሪያው ላይ ደረሰ፤ እኔም እዚያች እጅ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። ከዚያ እጇ ወደ መሪው ተመለሰ።

«እንግዲያው አልወስድዎትም» አለች። «ይቅርታ ጋሼ። ታክሲ ይጠብቁ።»

ከሰልፉ አንዲት ሴት «ኸረ የሰው ያለህ! ሽማግሌ ዝናብ ላይ ጥላ ትሄዳለች?» አለች። «አሳዳጊ የበደላት!» አለ ሌላው። ሐያት ሰምታለች፤ ፊቷ ቀላ። ፍሬቻ አሳየች፣ ስፖኪዮውን አየች፣ ዞራ ወደ ኋላ አየች፣ ሄደች። ጥጉ ጋ፣ አንድ ሕንፃ በረንዳ ሥር ሞተሯን አቁማ ዝናቡ እስኪያባራ ቆመች። ወደ እኔ አላየችም።

«አይዞዎት አባት፣» አለኝ ከጎኔ የቆመው፣ «የዛሬ ልጆች እንዲህ ናቸው።»

«ተዋት፣» አልኩት፣ «እኔ ነኝ ያሳደግኳት።» አላሳደግኳትም፣ ግን እንዲያ ነው ያልኩት። እያለቀስኩ ነበር፤ ዝናብ ስለሆነ ማንም አላየኝም። ሰይድን ነው ያለቀስኩት። ያን ቀን በሩ ላይ ከነበርነው አንዳችን እንደዚህች ልጅ ባለጌ ብንሆን ኖሮ፣ ዛሬ ጋሽ ተሰማ ቀብር ያለፈባቸው ቀን እያልን እንስቅ ነበር።

ቂርቆስ ስደርስ ጨርቄ ውሃ ነበር። ዘይነባ ሱቅ ደጃፍ የሐያት ሞተር ቆሟል። ዘይነባ ከውስጥ ወጥታ አየችኝ፣ ሞተሩንም አየችው፤ ልጇ ነግራት ኖሯል። ፎጣ አምጥታ ራሴን አደረቀችልኝ።

ለጀማሪ የምለው ይኸው ነው። ፍሬኑንም፣ ማርሹንም፣ ጭቃውንም በጊዜ ትለምዱታላችሁ። አንድ ሄልሜት ካላችሁ ግን የሚሄደው አንድ ሰው ነው። ሌላው ታክሲ ይጠብቃል።